ልከሳ ብዬ ቻይና ቤት

እኔ ላሊበላ ውስጥ አስጎብኚ ነኝ። ሥራዬ መውጣት፣ መውረድ፣ ማጎንበስና ማውራት ነው። እንዲህ ያለ ሥራ ያለው ሰው እንዴት ይወፍራል ካላችሁ፣ ጥያቄው የእኔም ነው። ጎብኚ በጠፋባቸው ዓመታት ቤት ተቀምጬ ስበላ ከረምኩ። ጎብኚው ሲመለስ እኔም ወደ ሥራዬ ተመለስኩ፤ ሆዴ ግን ወደ ቦታው አልተመለሰም።

ጉዱ የፈላው አንድ ማለዳ፣ ከአንዱ ቤተ ክርስቲያን ወደ ሌላው በሚያሻግረው ጨለማ ዋሻ ውስጥ ነው። ዋሻው መብራት አይበራበትም፤ ሰው የሲኦልን ጨለማ እንዲያስብ ግድግዳውን በእጁ እየዳበሰ ነው የሚያልፈው። ከፊት እኔ ነኝ፤ ከኋላዬ ከወገል ጤና ከተማ ለመሳለም የመጡ አሥራ ሁለት ሰዎች ተከታትለዋል። አይዟችሁ፣ መንገዱን ዓይኔን ጨፍኜም አውቀዋለሁ እያልኩ ስመራ፣ መታጠፊያዋ ላይ ስደርስ ቆምኩ። ወድጄ አልነበረም የቆምኩት። ትከሻዬ አልፏል፣ እግሬ ገና ነው፣ መሐሉን ድንጋዩ ይዞታል። ከኋላዬ ያሉት እናት ደርሰን ነው ወይ ብለው ጠየቁኝ። እውነቱን መናገር አፈርኩና እዚህች ቦታ ላይ ቆሞ መጸለይ የቆየ ልማድ ነው አልኳቸው። ሦስት ጊዜ አቡነ ዘበሰማያት ደገምን። አራተኛውን ልንጀምር ስንል ለሴትዮዋ ነገሩ ገባቸው መሰለኝ፣ ሁለት እጃቸውን ወገቤ ላይ አድርገው እህል የተጫነ አህያ ዳገት ላይ እንደሚገፋ ገፉኝ። ወደ ብርሃን ስወጣ ከሸሚዜ ሁለት ቁልፍ ጎድሏል። እናቲቱ ግን አልሳቁብኝም። በሐዘን አይተውኝ «እግዚአብሔር ይማርህ» አሉኝ። ሰው እንዲህ የሚለው ለታመመ ነው።

በማግስቱ ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ነርሷ መጀመሪያ ሚዛን ላይ አቆመችኝ፤ ዘጠና አራት ኪሎ። ከዚያ ክንዴን በመለኪያው ጨርቅ ጠቅልላ ነፋችው፣ ቁጥሩን አየች፣ ደግማ ነፋችው። ሐኪም ቤት ውስጥ ነገር ሲደገም ደስ አይልም። የደም ግፊቴ ከፍ ማለቱን ነገረችኝ። ሦስት ወር ሰጠችኝ፤ በሦስት ወር ውስጥ ቢያንስ ስምንት ኪሎ ካልቀነስኩ፣ ጨውና ዘይትም ካልተውኩ፣ መድኃኒት መጀመሬ እንደማይቀር አስረዳችኝ። ስሰናበታት «ሳይጠግቡ ይነሱ» አለችኝ። ላስታ ውስጥ እንግዳም ሆነ ባለቤት ሳይጠግብ የሚያስነሳ ቤት የሚያውቅ ካለ ይጠቁመኝ።

እዚህ ላይ ባለቤቴን የሺን ላስተዋውቃችሁ። ስንጋባ ስድሳ ኪሎ የማልሞላ ሰው ነበርኩ። የሰርጋችን ለት አንዷ አክስቷ፣ እኔ እየሰማሁ፣ ልጁ በሽተኛ ይሆን እንዴ ብላ ጠይቃለች። የሺ ይህን አልረሳችም። ከዚያ ወዲህ የጨመርኳት እያንዳንዷ ኪሎ የእሷ የእጅ ሥራ ናት፤ ዘመድ ሲመጣ ከቤቱ ዕቃ ሁሉ አስቀድማ የምታሳየው እኔን ነው። «ይብቃኝ» ማለት ለእሷ ስድብ ነው። ይህ ብቻ ቢሆን እንኳ ደፍሬ እነግራት ነበር። ግን ታላቅ ወንድሟ ከአምስት ዓመት በፊት ማሳው ላይ ወድቆ የቀረው በዚሁ በግፊት ነው። ከዚያ ወዲህ ቤታችን ውስጥ ያንን ቃል የሚጠራ የለም። ስለዚህ ዝም አልኩ። ለእሷ አስቤ ነው ዝም ያልኩት፤ ቢያንስ ያኔ እንደዚያ ነበር የሚመስለኝ።

መላውን የመታልኝ የሥራ ባልደረባዬ ደሳለኝ ነው። «አብሽር» አለኝ። ለዓመታት ቻይናዎችን ሲያስጎበኝ ከመሐላቸው ሆዱ የቀደመው ሰው አላጋጠመውም። ምሥጢራቸውም በእሱ ጥናት መሠረት ሁለት ቀጭን እንጨት ነው። በሁለት እንጨት የሚበላ ሰው ምን ያህል ይበላል? ክርክሩ አሳመነኝ። ከገበያው በላይ ደግሞ ፋንታዬ የምትባል ሴት የቻይና ምግብ ቤት ከከፈተች ሁለተኛ ዓመቷን ይዛለች።

ፋንታዬ መንገድ ይሠሩ የነበሩ ቻይናዎች ካምፕ ውስጥ ስድስት ዓመት ምግብ አብስላለች። ካምፑ ሲነሳ ድስቶቹን፣ መብያ እንጨቶቹንና ከላዩ የሚሽከረከር አንድ ትልቅ ክብ ጠረጴዛ ትተውላት ሄዱ። ከበሯ በላይ በቻይና ፊደል የተጻፈ ታፔላ አለ። ፊደሉን እሷው ናት ከሲሚንቶ ከረጢት ላይ መርጣ ያስገለበጠችው። አንድ ቻይናዊ ጎብኚ ታፔላውን አይቶ ሆዱን ይዞ ሲስቅ ደሳለኝ ምን እንደሚል ጠየቀው፤ ለካ ጽሑፉ «እርጥበት በሌለበት ቦታ ይቀመጥ» ነው የሚለው። ለፋንታዬ ሲነግራት ትንሽ አሰበችና፣ ለምግብ ቤት መጥፎ ቃል አይደለም ብላ ተወችው።

የመጀመሪያው ቀን ጎመንና ትንሽ ሩዝ አዘዝኩ፤ ሹካም ማንኪያም እንዳታመጣ አስጠነቀቅኳት። ደሳለኝ ልክ ነበር። በግማሽ ሰዓት ውስጥ አፌ የደረሰው ሩዝ ቢቆጠር ከሃያ ፍሬ አይበልጥም፤ የቀረው ጭኔ ላይ ነው። ዕቅዴ የተበላሸው በፋንታዬ ነው። ማድ ቤቱ በር ላይ ቆማ ስታየኝ ቆየችና አንጀቷ አልቻለም። መጥታ እንጨቶቹን ከእጄ ወሰደች፣ ከሩዙም ከጎመኑም በአንድ ላይ አንሥታ «እንኩ ጋሼ፣ በሞቴ» አለችኝ። በእንጨት ስጎርስ በዕድሜዬ የመጀመሪያዬ ነው። ጉርሻ ደግሞ አንድ ብሎ አይቆምም። እሱን ስንጨርስ ያላዘዝኩት ዶሮ በጣፋጭ መረቅ ተነክሮ መጣ፣ ከሥሩም እንጀራ ተነጥፎለታል። ያለ እንጀራ የቀረበን ነገር የላሊበላ ሰው ምሳ ብሎ እንደማይቆጥረው ፋንታዬ ሥራ በጀመረች በሳምንቷ ተረድታለች፤ ስለዚህ ኑድሉም በእንጀራ፣ ሩዙም በእንጀራ፣ ዳሩ ላይ ሚጥሚጣ። ጠግቤ ቤቴ ስገባ የሺ ምሳ አቅርባ ትጠብቀኛለች። አልበላም ብል ለምን ትላለች፤ ለምን እንዳትለኝ በላሁ። ይህን ሥርዓት ሁለት ሳምንት በትጋት ተከትዬ ልመዘን ሄድኩ። ዘጠና ስድስት ኪሎ።

ነርሷ ካርዱ ላይ ጻፈችና ወደ መስኮቱ ዞረች። ከዚያ ወጥቼ በቀጥታ ፋንታዬ ጋ ሄድኩና ወንበር ስቤ አስቀመጥኳት። ግፊቱንም፣ ሦስት ወሩንም፣ ቤቴ ውስጥ ይህ ነገር የማይነገርበትን ምክንያትም አንድ በአንድ ነገርኳት። ትስቅብኛለች ብዬ ስጠብቅ ዓይኗ እንባ አቀረረ። ካምፑ ውስጥ አንድ ሸምገል ያሉ ቻይናዊ ነበሩ አለች፤ በየቀኑ ቀጭን ሾርባ ያስቀድማሉ፣ ከዚያ በእንፋሎት የበሰለ ጎመን በዝንጅብል፣ ጨውም ዘይትም ሳይነካው፣ ከአጠገቡ ቁራሽ ቶፉ። ስድስት ዓመት ሙሉ ንስሐ ገብተው መስሏት በልቧ ስታዝንላቸው ነው የኖረችው። ሐኪም ያዘዛቸው ይሆናል ብላ ያሰበችው ገና አሁን ነው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የእኝህን ሰው ምሳ በላሁ። ቶፉ ማለት ከአኩሪ አተር የሚሠራ አይብ የመሰለ ነገር ነው። ምን ምን ይላል ካላችሁ፣ ምንም ምንም አይልም፤ የሚያከሳውም ለዚህ ይመስለኛል። ጎመኑን አንድ አንድ ቅጠል በእንጨት እያነሣሁ፣ ሳልጠግብ እነሣለሁ። ቤቴ ስገባ በልቻለሁ እላለሁ። ውሸት አይደለም፤ የት እንደበላሁ ብቻ ነው የማልናገረው። ዘጠና አንድ ገባሁ። ቀጥሎ ሰማንያ ዘጠኝ። ደረጃ ስወጣ ማፏጨት ጀመርኩ፤ ትንፋሽ ተርፎኝ ነው።

ሞኝነቴ የመጣው በስልክ በኩል ነው። ጠዋት ጠዋት ግቢ ወጥቼ ለፋንታዬ እደውላለሁ። አንድ ቀን የሺ ልብስ ስታሰጣ ከአንሶላው ጀርባ መቆሟን አላየሁም። ያልኩትን ቃል በቃል ልንገራችሁ። «ዛሬም እንደ ትናንቱ ይሁንልኝ፤ በጓሮ በር ነው የምገባው። ካንቺ በቀር ማንም እንዳያውቅብኝ።» በጓሮ የምገባው ከፊት ለፊት ያለው የዶሮ ሽታ እንዳያሸንፈኝ ነበር። ይህን ግን ለአንሶላው ማን ይንገረው?

እናንተ የሺን ብትሆኑ ምን ታስባላችሁ? ባሏ ቤቱ አይበላም። ከስቷል። ያፏጫል። ዝንጅብል ዝንጅብል ይላል። የሚደውልላት ሴት ደግሞ፣ የሺ ሰው ጠይቃ እንደደረሰችበት፣ ከባሏ የተፋታች ናት። የሺ አልጮኸችብኝም፣ አላኮረፈችኝም። ለአባቷ ደወለች።

አማቼ ቄስ ሞገስ ከኩልመስክ ወጣ ብላ ባለች ቀበሌ የሚያገለግሉ፣ ሰባን ያለፉ፣ ቀጭን፣ ንግግራቸው የተመጠነ ሰው ናቸው። አካባቢው ላይ ተጣልተው እሳቸው ያላስታረቋቸው ባልና ሚስት ቢኖሩ ገና ያልተጋቡት ናቸው። ቅዳሜ ከገበያተኛው ጋር በመኪና መጡ። ውኃ እንኳ ሳይቀምሱ ከፊቴ ተቀመጡ፤ የሺ በር ላይ ቆመች።

«ልጄ» አሉኝ፣ «ሰው ቤቱ ወጥ እያለ ውጭ የሚበላው ለምንድን ነው?»

«አባ፣ ጎመን ልበላ ነው የምሄደው።»

ብዙ ወንድ ፊታቸው ቁጭ ብሎ ዋሽቷል፤ እንዲህ ያለውን ግን ሰምተው እንደማያውቁ ከፊታቸው ይነበባል። ጎመን እዚህ ቤት የለም ወይ ብለው ጠየቁኝ። አለ አልኳቸው። ታዲያስ አሉኝ። ያኔ መናገር ነበረብኝ። ቀና ስል የየሺን ፊት አየሁት፤ ወንድሟን የቀበረች ለት የነበረው ፊት ነው። ግፊቱን ማንሳቱን ትቼ፣ ያኛው የቻይና ጎመን ነው አልኩ።

«ሴትዮዋ ቻይና ናት?» አሉ ወደ ልጃቸው ዞረው።

«የዚሁ አገር፣ የኮን ልጅ ናት» አለች የሺ።

ቄስ ሞገስ ፍርዳቸውን ሰጡ። ነገ ከቅዳሴ መልስ ሦስታችንም ሄደን እናየዋለን።

እሑድ ሄድን። አማቼ በሩ ላይ ቆም ብለው፣ እዚህ ቤት አሳማ፣ እባብ ወይም ጓጉንቸር ገብቶ ያውቅ እንደሆን ጠየቁ። ፋንታዬ ከበግና ከዶሮ በቀር ነፍስ ያለው ነገር ምድጃዋ አጠገብ እንዳልደረሰ ምላ ተገዝታ አስረዳች። መስቀል አሳልመዋት ገቡ። ካህን ቤቷ ሲገባላት የመጀመሪያው ስለሆነ፣ ምስኪን ፋንታዬ፣ ባሏን ልትይዝ የመጣች ሚስት አብራ መግባቷን ልብ ሳትል በደስታ ክቡ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችን። ያላትን ሁሉ ደረደረችው። ዶሮው በጣፋጭ መረቁ፣ የበግ ሥጋ በቀይ ሽንኩርት፣ የተጠበሰ ሩዝ፣ ኑድል፣ ሳምቡሳ የመሰለ ጥቅል፣ ሁሉም በጨዋማው ጥቁር መረቅ ርሷል። ከሌሊት ጀምሮ እህል ሳይቀምሱ የቀደሱት አማቼ ማዕዱን ባረኩና እጃቸውን ጠረጴዛው ላይ ቢያሳርፉት፣ ከፊታቸው የነበረው በግ ተንሸራትቶ ሄደ፤ በእሱ ቦታ ዶሮ መጣ።

ቄስ ሞገስ አልደነገጡም። ከፊት ለፊት የቆመን ምግብ ሳይቀምሱ ማሳለፍ በዚህ ቤት ነውር መሆን አለበት ብለው ተረጎሙት። ከዶሮው ቀመሱ። ጠረጴዛው ዞረ፤ ከሩዙ ቀመሱ። ዞረ፤ ከኑድሉ። አንድ ዙር ሲሞላ በጉ ተመልሶ መጣ፤ የተመለሰን እንግዳ ደግሞ ዝም ማለት አይገባም። ታዲያ ብቻቸውን አይበሉም። ከየሳህኑ የመጀመሪያዋን ጠቅልለው ለእኔ ነው የሚያጎርሱኝ። መስቀል ከሚይዝ እጅ የመጣ ጉርሻ በምን አፍ እምቢ ይባላል?

የሺ ደግሞ አየችኝ። ቤቷ ይብቃኝ የምላት ሰው እዚህ ጉንጩ ተወጥሮ ያኝካል። እሷም እጅጌዋን ሰበሰበችና ማጉረስ ጀመረች። የእሷ ጉርሻ ቡጢ ያክላል። የፍቅር አልነበረም፣ የምርመራ ነው፤ አንዱን እየዋጥኩ ሌላው ይደርሳል፣ ዓይኗ ከዓይኔ አይነቀልም። ላቤ በጆሮዬ ሥር ወረደ፣ ፊቴ ጋለ። ፋንታዬ ከአማቼ ጀርባ ቆማ በእጇ ምልክት ትሰጠኛለች፣ ራሷን ትነቀንቃለች። በመጨረሻ አልቻለችም። መጥታ የየሺን እጅ ከእነ ጉርሻው ያዘችው።

«እትዬ የሺ፣ ይተዉት። ምሥጢር ብሎኛል፣ ይቀየመኛል፤ ግን ቆሜ ሰው ሲወድቅ አላይም። ግፊት አለበት። እዚህ የሚመጣው ጨው የሌለው ጎመን ሊበላ ነው።»

ጠረጴዛው በራሱ ትንሽ ተንሸራተተና ቆመ። የሺ ጉርሻውን ቀስ ብላ ሳህኑ ላይ መለሰችው። ታለቅሳለች ወይ ትሰድበኛለች ብዬ ጠበቅኩ። ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ጠየቀችኝ፤ ሁለት ወር አለፈው አልኳት።

«ወንድሜም ያውቅ ነበር» አለች። «ከሞተ በኋላ ነው ካርዱን ኪሱ ውስጥ ያገኘሁት። ለእኔ አዝኖ ነው የደበቀኝ። ቢነግረኝ ጨው እከለክለው ነበር።»

ይህን አምስት ዓመት ሙሉ ለማንም አልተናገረችም፤ ለእኔም። እኔ ቃሉን ከቤት ያጠፋሁት እሷን ልጠብቅ ብዬ ነበር፤ ለካ ለብቻዋ ከቃሉ ጋር ዘግቼባት ኖሯል። አፌ ውስጥ የነበረውን በግ በሐፍረት ዋጥኩት።

በዚህ መሐል ቄስ ሞገስ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። እጃቸውን ከጋቢያቸው ሥር ሰደዱና የተቋጠረች ጨርቅ አወጡ። ቋጠሮዋን ሲፈቱ ውስጧ ክኒን ነው። ማንንም ሳያዩ፣ ጠረጴዛውን እያዩ ተናገሩ።

«እኔንም ጨው ከከለከሉኝ ሦስት ዓመቴ ነው። ወንድሟን የቀበረች ልጅ ላይ እንዴት ብዬ ልጨምርባት አልኩ።»

የሺ አባቷን አየች። ከፊታቸው ያለውን ባዶ ሳህን አየች፤ አራተኛው ዙር ላይ ነበሩ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች፣ እንደገና ወደ እሳቸው። ጣቷን ጠረጴዛው ላይ አሳርፋ በጉን፣ ዶሮውንና ኑድሉን ወደ ራሷና ወደ ፋንታዬ አዞረችው። ፋንታዬን ተቀመጪ አለቻትና ለሁለቱ ወንዶች ከዚያ ጎመን ይምጣላቸው ብላ አዘዘች። እነሱ በሉ፤ እኛ ቅጠል በእንጨት ስናሳድድ ዋልን። አማቼ፣ እውነት ለመናገር፣ እንጨቱን ከእኔ ይሻላሉ።

የሚቀጥለውን ሳምንት የሺ ፋንታዬ ማድ ቤት እየዋለች ጎመኑን ተማረች። የእሷ ጎመን ከፋንታዬው ይልቅ ይጣፍጣል፤ ነጭ ሽንኩርትና ሎሚ ታበዛበታለች። ሁለቱ አሁን እህትማማች ሆነዋል፤ ቤት ሲመጡ እኔን አስነሥተው ነው የሚያወሩት። ሦስት ወሩ ሲሞላ ሰማንያ አምስት ኪሎ ነበርኩ፤ ነርሷም ያለ መድኃኒት እንድቀጥል ፈቀደችልኝ። አክስቲቱ በቅርቡ አይታኝ ልጁ ዳግመኛ ታመመ እንዴ ብላለች። የሺ በኩራት፣ እኔ ነኝ ያከሳሁት ብላ መለሰችላት።

ቄስ ሞገስም በየወሩ ለክትትል ከኩልመስክ ይመጣሉ። አግዳሚው ላይ እኔና እሳቸው ዳርና ዳር፣ የሺ የሁለታችንን ካርድ ይዛ መሐላችን እንቀመጣለን። ባለፈው ወር የእኛ ተለክቶ ሲያልቅ ክንዷን ለነርሷ ዘረጋችላት። ነርሷ ነፋችው፣ አየችው፤ አንድም ጊዜ አልደገመችውም። የእርስዎ እንከን የለውም አለቻት። ከሦስታችን ግፊት የሌለባት እሷ ብቻ ናት።

ስንመለስ የሺ ከፊት እየቀደመች፣ እኛ ከኋላ እየተከተልን ነበር። አማቼ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉና «ግፊቱን ሁሉ ለእኛ እያደለች እሷ ጋ ከየት ይተርፋል?» አሉኝ። ሳቄ አመለጠኝ። የሺ ዞር ብላ ምን እንዳልን ጠየቀች። ምንም ልላት አፌን ስከፍት ቄስ ሞገስ ክንዴን ጫን አድርገው ያዙኝ፤ ያሉትንም ቃል ሳያጎድሉ ራሳቸው ነገሯት። የሺ ለመቆጣት ሞከረች፣ አልሆነላትም። መንገዱ ዳር ካለው ድንጋይ ላይ ቁጭ ብላ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ከዚያ ተነሥታ ነጠላዋን አጣፋችና «በሉ ፈጠን ፈጠን በሉ፤ ዳገት ለሁለታችሁም መድኃኒት ነው ተብላችኋል» አለችን።